ቆላ የተቀበረው ሰማው

ባለቤቴ የኔሰው ቢቸና ያስተምራል፤ ከማስተማር የተረፈውን ጊዜ ስለ ዓባይ ቆላ ሲጽፍ ያሳልፈዋል። «ደጋው ጠቦናል፤ ቆላው ሰው አጥቶ ጦም ያድራል። አገራችን ነውና ውረዱ፣ አልሙት» ነው ነገሩ ሁሉ። ሞጣ ድረስ ተጠርቶ ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናውጧል። ራሱ ግን አንድ ሌሊት ቆላ አድሮ አያውቅም። ወባ ይፈራል፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሰማው አመነውና ሚስቱን ዘሪቱን ይዞ ከሰፋሪዎች ጋር ወረደ። ጫካ መነጠሩ፣ ማሽላ ዘሩ፣ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያንም ሠሩ። መቃብር ግን አልነበራቸውም። ሰው ሲሞት በቃሬዛ ተሸክመው ገደሉን እየወጡ ደጋ፣ ከአባት ከእናቱ አጠገብ ይቀብሩታል። ለቀብር ከወጣውም ብዙው በዚያው ይቀራል።

በ1998 ጥቅምት ላይ ሰማው በወባ ሞተ። እኔና የኔሰው ሬሳውን ልናወጣ ወረድን። ስንደርስ ቃሬዛው ታስሯል፤ ከኋላው ደግሞ ሴቶቹ ድስትና ቁርበታቸውን ሸክፈዋል። ዘሪቱ የቃሬዛውን ጠፍር ትፈታለች።

«አይወጣም» አለች።

«የእናቴን ልጅ በረሃ ልትጥይው?» ብዬ ጮኽሁባት።

«እትዬ፣ ቤቱ ነው። እሱ ከወጣ ይኸ ሁሉ ሰው ተከትሎት ይወጣል። የመነጠረውን ለዝንጀሮ ልተውለት?»

የኔሰው አንገቱን ደፋ። «ዘሪቱ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይውጣና ከወላጆቹ ጋር ይረፍ።»

እሷ የባሰ ተቆጣች። «ጋሼ፣ አገራችን ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም? ሲታረስ አገር፣ ሲቀበሩበት በረሃ ነው?»

የሰፋሪዎቹ ቄስ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ገቡ። «ቦታው ተባርኳል፤ የጠፋው የሚጀምር ሰው ነበር» አሉ።

ወንድሜን ከእናቴ ጎን ማስተኛት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን የዘሪቱን መዳፍ አየሁት፤ ምንጣሮው ልጦታል። በዚህ እጅ የለማን መሬት በረሃ ብዬ መጥራቴ አሳፈረኝ። «እሺ፣ ይቀበር» አልሁ።

ዶማውን መጀመሪያ ያነሣው የኔሰው ነው። ጉድጓዱ ወገቡ ሲደርስ ዘሪቱ ከላይ ሆና ጠየቀችው።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ሲሞቱ እዚህ ይወርዳሉ?»

እሱም ላቡን ጠርጎ «እወርዳለሁ» አላት።

«ሬሳዎ ምን ያደርግልናል? በቁምዎ ይውረዱ!»

የኔሰው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የሚጠብቀው የኔን ቃል ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ሸክፋው የነበረውን ድስት ይዛ ወደ ጎጆዋ ስትመለስ አየኋት።

«የቢቸናውን ቤት አከራየው» አልሁት።