ሰው የለበትም የተባለው ቤት

መሰርሰሪያው ሲጮህ ኦዜላ ፕሩት ወጥ ቤት ቆማ ጎመን እየከተፈች ነበር። ድምፁ የመጣው ከፊት በር ነው። በዚያ በር ከኅዳር ወዲህ የገባም የወጣም የለም፤ ደረጃው ስለተሰበረ ኦዜላ ራሷ የምትመላለሰው በጓሮ ነው። ቢላዋውን እንደያዘች ቆማ አዳመጠች። መሰርሰሪያው ትንሽ ዝም አለና እንደገና ብረቱን መብላት ጀመረ።

ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ሙቀት እንዳይወጣ ብላ የሰቀለችው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ገለጥ አድርጋ ገባች። ሳሎኑ ይቀዘቅዛል፣ ዕቃም የለበትም፤ ከበረዶው ላይ የሚመለሰው ብርሃን ግድግዳውን አንጥቶታል። የበሩ ቁልፍ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይንቀጠቀጣል።

"ማነው?"

መሰርሰሪያው ቆመ።

"ማነው እኮ ነው የምለው!"

ከበሩ ማዶ አንድ ነገር ዱብ ሲል ተሰማ። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ "በኢየሱስ ስም!" አለ።

በሩ በብርዱ ተጣብቆ ስለነበር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ነው የከፈተችው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው የሥራ ካፖርት የለበሰ ጥቁር ሰውዬ ከተሰበረው ደረጃ ወድቆ በረዶው ላይ ተንበርክኳል። መሰርሰሪያውን አልለቀቀም። ከመቃብር የተነሳች ይመስል አፍጥጦ ያያታል።

"እዚህ ቤት ሰው የለም" አለ።

"እኔስ ምንድን ነኝ?"

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀቱ ሰው የለበትም ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ከማን ጋር ነው የምታወራው? ከወረቀቱ ጋር?"

ሰውዬው ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። ማርሎን እባላለሁ አለ። ሥራው ከባንክ ኮንትራት ለወሰደ ድርጅት ነው፤ ባዶ ቤቶችን እየዞረ ቁልፍ ይቀይራል፣ ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ ውሃውን ያፈሳል፣ በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። የሚከፈለው በበር አርባ አምስት ዶላር ነው። ኦዜላ ግባ ብላ ወጥ ቤት ያስቀመጠችው አዝናለት አይደለም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቷ ስለሚያመልጥ ነው።

ባንኩ ኦዜላን የለችም ሲል ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከገና ወዲህ በደወለች ቁጥር የሚያነሱት ልጆች ድምፃቸው እየተለዋወጠ የሚናገሩት አንድ ነገር ሆኗል፦ "መዝገቡ ላይ በዚህ አድራሻ የሚኖር ሰው የለም።" እሷም በዚያው አድራሻ፣ በዚያው ስልክ፣ ወጥ ቤቷ ቆማ "እኔ አለሁ" ትላቸዋለች። "እናስተላልፋለን" ይሏታል። አንዳንድ ቀን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ክንዷን ትነካካ ነበር።

እዳው የመጣው ከጣሪያው ጋር ነው። እሷና ባሏ ሆሊስ የቤቱን ዋጋ ከፍለው የጨረሱ ጊዜ የእዳ ውሉን ወረቀት ጓሮ ውስጥ በመጥበሻ ላይ አቃጥለው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ የጎድን ጥብስ አብልተው ነበር። ሆሊስ ሞተ፤ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ አንድ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ደላላ ከእሁድ ጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ አገኛት። ቤትሽን አስይዘሽ ለጣሪያው ተበደሪ፣ ክፍያው በወር አምስት መቶ አርባ ዶላር ብቻ ነው አላት። ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍያው ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን የሚናገረው መስመር አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነበር። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ የነበረች ሴት ጡረታ ያንን አይችልም። የፈረመችው በአምስት ደቂቃ ነው፤ በዚያ በራሷ ላይ እስከ ዛሬ ትናደዳለች።

ውሉ ከዚያ ወዲህ ካንዱ አበዳሪ ወደ ሌላው ሦስት ጊዜ ተሸጧል። የፊታችን ሐሙስ ፍርድ ቤት አለ። የነጻ ሕግ ርዳታ ጠበቃዋ የነገረቻት አጭር ነው፦ ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ከሆነ ዳኛው ባንኩን አስገድዶ ለድርድር ያስቀምጠዋል፤ ቤቱ ባዶ ከሆነ ግን ድርድር የለም፣ በአንድ ቀን ተወስኖ ይሸጣል።

"ባዶ ነው ያለው ማነው?" አለች ኦዜላ።

ማርሎን ከካፖርቱ ውስጥ አንድ ማኅደር አወጣ። "በየወሩ አንድ ሰው በመኪና ያልፋል። ፎቶ ያነሳል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል።"

"አይወርድም?"

"በዚህ ሰፈር? አይወርድም።"

የመጀመሪያውን ፎቶ መስኮቱ አጠገብ ወስዳ አየችው። መስኮቶቹ መጋረጃ የላቸውም። በረንዳው ላይ ወንበር የለም። መግቢያው ላይ በረዶው እንደ ወረደ ተከምሯል፤ የድመት ዱካ እንኳ አይታይበትም። ሰው የሞተበት ቤት ነው የሚመስለው።

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አለች።

ማርሎን ጣቱን ወደ ወለሉ ቀሰረ። "ይሄው... ያለንበት ነው እማማ።"

ኦዜላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረችበትን ቤት አላወቀችውም። ሁለተኛውን ፎቶ አነሳች፤ እዚህኛው ላይ የጎረቤቶቿ የጊልመሮች ቤት ጠርዙ ገብቷል። መጋረጃው ተሰቅሏል፣ መግቢያው ተጠርጓል፣ በረንዳው ላይ ወንበር አለ። ከወንበሩ አጠገብ ቡናማ ካፖርት የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ በረዶ ትዝቃለች። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ "ጎረቤት፣ ቁጥር 4417። ነዋሪ አለበት። አንዲት አሮጊት፣ ብቻዋን።"

ጊልመሮች ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ካፖርቱ የኦዜላ ነው፤ በሩ አጠገብ ተሰቅሎ ይታያታል።

ላርከም መንገድ ላይ ከአሥራ ስድስት ቤት ሰው የቀረባቸው ሁለት ናቸው፣ የሷና ከማዶ ያለው የሚስተር ክላይድ። ባዶ መሆኑ የታወቀ ቤት አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ሌቦች ገብተው የመዳብ ቧንቧውን ነቅለው ይሄዳሉ፣ ወይም እሳት ይነሳና ከጎኑ ያለውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተማክረው ባዶዎቹን ሰው እንዳለባቸው ማስመሰል ያዙ። ክላይድ በባትሪ የሚሠራ መብራት ያስቀምጣል፤ ኦዜላ በረዶ ትጠርጋለች። መጋረጃ ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረ የሳሎኗን አውልቃ ለጊልመሮች ሰቀለች፤ ሳሎኑን እንደሆነ አትቀመጥበትም። የበረንዳ ወንበሯንም ወሰደችው። በጓሮ እየወጣች የሰው ደጅ ስትጠርግ የራሷን አንድ ቀን ዞራ አላየችም። እሷን ብሎ ብልጥ!

የጓሮው በር ተበረገደና ሚስተር ክላይድ ብረት ዘንግ ይዞ ገባ። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዘንጉ ከሱ ይከብዳል።

"ሚስ ኦዜላ፣ ይሄ ሰው ምን አደረገሽ?"

"ምንም። ብረቱን አስቀምጥ፣ ወገብህን ሳትሰብረው።"

"ደጅ የቆመችው መኪና የሱ ናት?"

"የሱ ናት። ቤቴን ሊዘጋ ነው የመጣው። የለሽም ብሎኛል።"

ክላይድ ማርሎንን ከላይ እስከ ታች አየው። "ዓይን የለህም? ይህችን የምታህል ሴት!"

"አፍህን!" አለች ኦዜላ፤ ማርሎን ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ቢሮ ደወለና እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ላርከም 4421 ነኝ። ውስጥ ሰው አለ።"

የሴት ልጅ ድምፅ፣ ጨዋና ሩቅ፣ "ሲስተሙ ባዶ ነው ይላል" አለች።

"አየኋት እኮ። አጠገቤ ናት።"

"ቤቱ ባዶ ከሆነ ውስጥ ያለው ሰው ያለፈቃድ የገባ ነው። ፖሊስ ይጥሩ።"

"የቤቱ ባለቤት ነኝ!" ብላ ጮኸች ኦዜላ። "ኦዜላ ፕሩት! ስሜ እፊትሽ ተጽፎልሻል!"

ልጅቷ የመለሰችው ለማርሎን ነው። "ጌታዬ፣ የሚናገረው ማነው?"

"ነገርኩሽ እኮ፣ ባለቤትየዋ።"

"ባለቤትየዋ እዚያ አትኖርም" አለች ልጅቷ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ኦዜላ የከተፈችውን ጎመን የሚፈላው ድስት ውስጥ ጨመረችው። ማርሎን ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አዞረው፤ ፖሊስ ሊጠራ እንደማይችል ፊቱ ላይ ይታያል።

"ስሙኝማ እማማ" አለ በመጨረሻ። "ቢሮው የሚፈልገው ፎቶ ብቻ ነው። ቁልፉን ልቀይር፣ ወረቀቱን ልለጥፍ፣ ፎቶ ላንሳ። ከዚያ አዲሱን ቁልፍ ለርስዎ ሰጥቼ እሄዳለሁ። ማንም አያውቅም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይኖራሉ። እነሱ እነዚህን ቤቶች አይፈልጓቸውም። ወረቀት ላይ ባዶ ከሆነ ይረሱታል። ስልክ የለ፣ ክፍያ የለ። እንዲህ የሚኖሩ ስንቱን አውቃለሁ።"

"ሐሙስስ?"

"ሐሙስማ... ባዶ ነው ይባላል።"

ክላይድ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገቧ መጣ። "ተቀበዪው ሚስ ኦዜላ።"

"ክላይድ!"

"ተቀበዪው እልሻለሁ! ዳኛው ፊት ቀርቦ ቤቱን ይዞ የተመለሰ ማን አለ? ጊልመር ቀረበ፣ የት አለ? ሚስ ዶቪ ቀረበች፣ የት አለች? እዚሁ ዝም ብለሽ ኑሪ። በጓሮ ትወጫለሽ፣ በጓሮ ትገቢያለሽ። እንጨቱን እኔ አመጣለሁ።" ክንዷን ያዘ። "አንቺ ከሄድሽ እኔ እዚህ መንገድ ላይ ከማን ጋር ነው የማወራው?"

አዘነችለት። እውነቱን ነው። የራሷም ልብ ወደዚያው አዘነበለ፤ ስልክ የማይጮህበት አንድ ጧት ምን እንደሚመስል አሰበች፤ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት።

ብርድ ልብሱን ገልጣ ሳሎን ገባች። በባዶው መስኮት የጊልመሮች ቤት ይታያል። አመሻሹ ላይ ስለሆነ ክላይድ ያስቀመጠው መብራት ከመጋረጃው ጀርባ ቀላ ብሏል። አበቦቹን ራሷ የሰፋችው መጋረጃ ነው። ያቺ አንዲት አሮጊት፣ ብቻዋን፣ እዚያ ውስጥ ቁጭ ያለች መሰላት። ባንኩ የሚያውቃት እሷን ነው። በየወሩ ፎቶ የሚያነሳት፣ አለች ብሎ የመዘገባት እሷን ነው። መጋረጃው ትንሽ ነቃነቅ አለ፤ ነፋስ ይሆናል፣ የጊልመሮች መስኮት ስንጥቅ አለበት። ኦዜላ ግን ያቺኛዋ እንዳታያት ፈርታ ከመስኮቱ ሸሸች። ወዲያው በፍርሃቷ አፈረች። በገዛ ቤቷ ከመስኮት የምትሸሸው ገና ቁልፉን ሳትቀበል ከሆነ፣ ከተቀበለች በኋላ እንዴት ልትሆን ነው?

ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

"የምትሞላው ቅጽ አለ አይደል?" አለችው ማርሎንን።

"አለ።"

"አምጣው።"

ማርሎን ገና መኪናው ውስጥ ሳለ ሞልቶት ነበር። "በቤቱ የተገኙ ሰዎች ብዛት" ከሚለው ፊት ለፊት ዜሮ ጽፏል። ኦዜላ መነጽሯን አደረገችና ቅጹን ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች፤ የፊቱን ጨርሳ ጀርባውን ገለበጠች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ሁለቱ ወንዶች ቆመው ጠበቋት። ጎመኑ ሊያር ሲል ክላይድ ሄዶ እሳቱን ቀነሰላት።

አንብባ ስትጨርስ እስክሪብቶ ተቀብላ ዜሮውን ሰረዘችው። አንድ ብላ ጻፈች። ከጎኑ ሙሉ ስሟን፣ ከሥሩ ቀኑን፣ ከቀኑ ቀጥሎ ሰዓቱን ጨመረች።

"አሁን አንተ ፈርም።"

"እማማ፣ ይህን ከፈረምኩ ነገ ሥራ አይሰጡኝም።"

"አውቃለሁ።"

"ልጆች አሉኝ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ከኔ ጋር ተነጋግረሃል ወይስ አልተነጋገርክም?"

ማርሎን ክላይድን አየ፤ ክላይድ መሬት መሬት ያያል። ሰውዬው እስክሪብቶውን ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ ፈረመ። ኦዜላ ከሥር ያለውን ቢጫ ግልባጭ ገንጥላ፣ አራት አጥፋ፣ ሐሙስ ልትለብሰው ያዘጋጀችው ቀሚስ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"አሁን እኮ ያገኙሻል" አለ ክላይድ ቀስ ብሎ።

"ያግኙኝ" አለች፤ ሦስት ሳህን አውርዳ ጎመኑን ማውጣት ጀመረች።