ከዓሣ ወጥ ጋር የሚሄድ ወይን

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ሀያት ግን ጠርጥራም አልዳነች። ገና ሽበሺ ያንን ቀጭን ረጅም ጠርሙስ በብብቱ ይዞ ወጥ ቤት ሲገባ ሆዷ አልወደደውም።

ሽበሺ የሊሙ ገነት ቡና ነጋዴ ነው፤ መኖሪያው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር። ዛሬ ቡናውን የሚገዛ ጀርመናዊ ጋብዟል፤ ጠርሙሱም የእንግዳው ስጦታ ነው፣ ሪዝሊንግ የሚሉት ነጭ ወይን። የቡና ገበሬዎቹ ሽማግሌ ሃጂ ሙኒርም ይመጣሉ። ሁሉን ባንድ ማዕድ ለማስቀመጥ፣ የእስላም ቢላ የክርስቲያን ቢላ የማያጣላ ዓሣ ተመረጠ፤ ለማብሰልም ሀያት መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለው ምግብ ቤቷ ከነድስቷ ተጠራች። ሃጂ እዚህ ቤት የሚበሉት ድስቱ የሷ ከሆነ ብቻ ነው ይባላል። ይህ ስም ከጠፋ ምግብ ቤቷን ማን ይረግጠዋል?

«ከወጡ ጋር ነው የሚጠጣው፤ በርበሬውን ያበርደዋል አሉ» አለ ሽበሺ።

«ከወጡ ጋር ይጠጣ፤ ወጡ ውስጥ እንዳይገባ እንጂ።»

«ኧረ በሚካኤል!»

የሚምል ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥራታል። ድስቷን ከድና ጫጩት እንዳላት ዶሮ አጠገቡ ቁጭ አለች። የተነሳችው እንጀራ ያመጣው ባጃጅ ደጅ ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ብቻ ነው። ስትመለስ ክዳኑ ዘመም ብሏል፤ ጠርሙሱ ተከፍቷል፤ ሽበሺ አፉን ይጠርጋል።

ደሟ ፈላ። «ምን ጨመርክበት?»

«ወይኑን ቀመስኩ እንጂ ድስትሽን አልነካሁም።»

«ክዳኑን ታዲያ ጅን ነው ያነሳው?»

ድስቱን አሸተተች፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ብቻ። አላመነችም። ገዢውን ለማስደሰት ከዚህም አይመለስ ብላ በልቧ ፈረደችበት።

ይሄኔ ሌንሳ ገባች። የሽበሺ ቡና ቀማሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከየሲኒው በማንኪያ እየማገች የምትተፋ። ባንድ እጇ የወይን ብርጭቆ፣ በሌላው ያችን ማንኪያ ይዛለች። ማንኪያዋን ወይኑ ውስጥ ነከረች፤ ማገችና ማጠቢያው ላይ ተፋች። ከዚያ እንደ ሥራ ልማዷ፣ ሳታስብ፣ ክዳኑን ገፋ አድርጋ በዚያው ማንኪያ ከወጡ ጨለፈች።

«አዴ ሀያት፣ ቅድም ክዳኑን አንስቼ ወጥሽን ስቀምሰው እንዳሰብኩት ነው! ወይኑ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ትንሽ ይጣፍጣል፤ በርበሬሽን እንዴት እንደሚያለዝበው! ለዓሣ ወጥ የተፈጠረ ነው።»

«ማል ጎቴ ሌንሳ! ምን አደረግሽኝ!»

ሌንሳ ማንኪያዋን አየች፤ ከዚያ ድስቱን። ፊቷ አመድ መሰለ። ሽበሺ በሩን ዘጋ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጠብታ ናት። ማንም አላየም። ሃጂ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል።»

እውነቱን ነው፣ ማንም አላየም። ሀያት ክዳኑን ይዛ ቆመች፤ ዝም ማለት አማራት። ከዚያ ሃጂና ጀርመናዊው ወደተቀመጡበት ሳሎን ወጣች።

«ሃጂ፣ አፉ ይበሉኝ። ወጡን ወይን ነክቶታል፤ እንዳይበሉ።»

ተከትሏት የወጣው ሽበሺ ግንባሩን ያዘ። ሃጂ ሙኒር ጢማቸውን እያሻሹ አዩዋት።

«እኔኮ ልጄ፣ እዚህ ስጠራ ሁሌ ቤቴ በልቼ ነው የምመጣው። ድስቱ ያንቺ ነው ቢሉኝም ልቤ አያምንም ነበር። የበላሁ መስዬ እነሳለሁ።»

ሀያት ተናደደችም፣ አፈረችም። ሌላውን ስትጠረጥር፣ ለካ ተጠርጣሪዋ እሷው ኖራለች።

«ዛሬም በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ ሃጂ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ግን እንጀራውን በሚጥሚጣ አምጪልኝ። ካንቺ እጅ ልብላ።»

አመጣችላቸው። ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ።