ስድስት ድንጋይና አንድ ታኮ

ከባቱ ወደ አዳሚ ቱሉ በሚወስደው አሮጌ አስፋልት ላይ የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ ሹፌሩ የሚያደርገውን የማያውቅ የለም። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ይለቅማል፣ ከመኪናው ኋላ በሰልፍ ይደረድራል፣ ቅጠል ካገኘም ይጨምርበታል። "ቆሜያለሁና ተጠንቀቁ" ማለቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነው። ጎማው ከተቀየረ በኋላ ግን ሰውየው ጋቢናው ላይ ዘሎ ይወጣና መንገዱን ይቀጥላል። ድንጋዩንስ ማን ያንሳው? እሱ እንደሆነ ቸኩሏል፣ ሽንኩርት ሊበላሽበት ነው! ድንጋዩም የሌለ መኪና እየጠበቀ እዚያው ያድራል።

አረጋሽ አንድ ልጇን የቀበረችው እንዲህ ባለ ድንጋይ ምክንያት ነው።

ልጇ ሞቲ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። አዳሚ ቱሉ እርሻ ምርምር ውስጥ ይሠራ ነበርና ዘወትር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ምሳ ዕቃውን ከብስክሌቱ ኋላ በጎማ ማሰሪያ ጠፍሮ ከባቱ ይወጣል። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዱ ወጣ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ድንጋዮቹን አገኘ። እዚያ ቦታ ላይ የአስፋልቱ ጠርዝ ተቆርሶ ከጉልበት በላይ የሚውጥ ቦይ ሆኗል። ድንጋዩን ለማለፍ ወደ መሃል ከመግባት በቀር መላ የለውም። ሞቲም ገባ። ከፊት ለፊቱ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዳማ የሚበር አይሱዙ መጣበት።

ሹፌሩ አስፋው ይባላል፤ የአዳማ ሰው ነው። ለትራፊክ ፖሊሱ የሰጠው ቃል አጭር ነበር፤ "እኔ መስመሬን ይዣለሁ። መሃል መንገድ ምን ሊሠራ ገባ?" የፖሊሱ ወረቀት ላይም በዚያው ቃል ሰፈረ፤ ጥፋቱ የብስክሌተኛው። ስለ ድንጋዩ የተጻፈ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። አረጋሽ ወረቀቱን ደጋግማ አንብባ በቃሏ ያዘችው፤ የመኪናውን የታርጋ ቁጥር ጭምር።

የልጇ ሣልስት ባለፈ ማግስት ጎረቤቷን ባለ ጋሪውን ራህመቶን ይዛ ወደ ቦታው ሄደች። "ድንጋዩን እናንሳው፣ ሌላ እናት እንዳታለቅስ" አለችው። ስድስት ድንጋይ ለቀሙ። በሰልፉ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ግን ድንጋይ አልነበረም፤ ታኮ ነበር። መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደገፈው እንጨት ማለት ነው። ሹፌሮች ታኮ ይሰረቅብናል እያሉ የታርጋቸውን ቁጥር ይጽፉበታል። በዚህኛውም ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎበታል። አረጋሽ ቁጥሩን አየችና አፈሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። በቃሏ ያጠናችው ቁጥር ነው።

ነገሩ በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነላት። አስፋው በዋዜማው፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሽንኩርት ሊጭን ወደ ታች ሲወርድ እዚህ ጎማው ፈንድቶበታል፤ ቀይሮ ድንጋዩን ትቶ ሄዷል። ሐሙስ ጭኖ ሲመለስ ልጇን ያገኘው በራሱ ድንጋይ ተገፍቶ መሃል ሲገባ ነው። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ምን ሊሠራ ገባ?" ብሎ ጠየቀ።

ታኮውን ለፖሊሱ ወስዳ አሳየችው። ፖሊሱ አገላብጦ አየና መለሰላት። "እናቴ፣ ይሄ እንጨት ነው። መቼ እንደወደቀ ማን ያውቃል? ሰውየው ራሱ ካልተናገረ መዝገቡን መልሼ አልከፍትም" አላት። እሷም ድንጋዮቹን ጓሮዋ ደረደረች፣ ታኮውን ከአልጋዋ ሥር አኖረች፣ ቂሟንም ቋጥራ ተቀመጠች።

ሚያዝያ ላይ ሽማግሌዎች መጡ። አስፋው ተጸጽቶ የላካቸው እንዳይመስላችሁ። የሰውየው እንጀራ ከመቂ እስከ አዳሚ ቱሉ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ደም ያለበት ሰው ሳይታረቅ በዚያ መንገድ ሲመላለስ ደግሞ አገሩ ዝም አይለውም። ጫኞቹ መኪናውን አንነካም አሉት። ሁለት ጊዜ ባዶውን ተመልሷል። ሽማግሌ መላክ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ኦቦ ሰንበታ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎችን አስከትለው ደጇ ላይ ቆሙ። ወንበር አውጥታ ብትለምናቸውም አሻፈረኝ አሉ። "ሳትታረቁ አንቀመጥም፤ ውሃም አንቀምስም" አሉ። አስፋው ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

"አረጋሽ ልጄ" አሉ ኦቦ ሰንበታ፣ "የሞተን አንመልስም። ካሳውን ግን አንቺው ቁረጪ። ያልሽውን ሊፈጽም በፊታችን ምሏል፤ እኛም ዋስ ነን።"

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ተሳሳቱ። የሷን ጥያቄ ሳይሰሙ የሱን መሐላ ተቀበሉ። ምን ትጠይቃለች ብለው ይጠርጥሩ? ከብት ነዋ፣ ብር ነዋ፣ እንደ ሰው!

"ብር አልፈልግም። ከብትም አልፈልግም" አለች አረጋሽ። "የልጄን ብስክሌት ይንዳ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ከዚህ ደጅ ተነስቶ አዳሚ ቱሉ ድረስ፣ ልክ ሞቲ በሚወጣበት ሰዓት። ሰባት ቀን።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ኦቦ ሰንበታ ግን አልሳቁም። "ይሄ ምን ካሳ ይባላል ልጄ?" አሉ።

"ምሏል አላሉኝም፣ ኦቦ?"

አስፋውም "እሺ፣ እትዬ አረጋሽ" አለ፤ ቀሎለት ነበር። ሞኝ! ሴትየዋ በልቧ የያዘችውን ቢያውቅ ኖሮ ያለውን ከብት ሁሉ ነድቶ ይመጣ ነበር። ልቧ የቆረጠው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ያ ወረቀት ላይ ያለው ውሸት በተናገረው አፍ ይሰረዛል፣ ወይ ልጇን የበላው መንገድ እሱንም ይበላዋል። እሷ እጇን አታነሳበትም።

ብስክሌቱን አስጠግናው ነበር። በመጀመሪያው ቀን አስፋው ቦርጩን ተሸክሞ ሲወጣበት ኮርቻው ሲጥ አለ። ባቱ በሙሉ ደጅ ወጥቶ አየው። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ግን የሚስቅበትም አልነበረም። ትናንት ምሳ አብረውት የበሉ ሹፌሮች ዛሬ ጡሩምባቸውን ጆሮው ላይ አንባረቁበት። "ውጣ ከመንገድ!" ብለው ሰደቡት፤ ስድቡን ያውቀዋል፣ የገዛ ስድቡ ነው። በሁለተኛው ቀን አውቶቡስ ታክኮት ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ቦይ ውስጥ ጣለውና ጉልበቱ ተላጠ። በአራተኛው ቀን ፊቱ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ "እነዚህ ሹፌሮች ሰው አይደሉም እኮ" አለ።

የአረጋሽ አንጀት ቅቤ ጠጣ። "እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ፤ ድንጋዩ የኔ ነበር" ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም። ውሃ ለምኖ ጠጣና ሄደ።

በስድስተኛው ቀን ኦቦ ሰንበታ ዋስነታቸውን ሊያዩ መጥተው ከአስፋው ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያወሩ ነበር። አረጋሽ ከቆርቆሮው በር ኋላ ሆና ሁሉንም ሰማች።

"አየኸው አይደል የብስክሌተኛን መከራ?" አሉት።

"አየሁ፣ ኦቦ" አለ አስፋው። "ግን ይኸው ስድስት ቀን ነዳሁ። ማን ነካኝ? ዳሬን ይዤ ነዋ! ልጁም ዳሩን ቢይዝ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር።"

አረጋሽ የበሩን ብረት ጨብጣ ቆመች። ወደ ጓሮ ዞረችና ድንጋዮቹን አየቻቸው።

በሰባተኛው ቀን ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ብስክሌቱን ለአስፋው ደጇ ላይ አስደግፋ የራህመቶን በር አንኳኳች። ጋሪው ላይ ስድስቱን ድንጋይ ጫኑ። ራህመቶ እየነዳ አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ እሷን ያያል። ቦታው ደርሰው ማውረድ ስትጀምር ግን መታገሥ አልቻለም።

"እትዬ፣ ሌላ እናት እንዳታለቅስ ብለን ያነሳነው ድንጋይ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ ሰው ቢመታበትስ?"

"ማንም አይመታበትም። እኔ እጠብቀዋለሁ" አለችው። ራህመቶ አላመናትም፤ ግን ሐዘንተኛ ናት፣ እናት ናት። ጋሪውን አርቆ አቆመ።

ድንጋዮቹን በነበሩበት ሰልፍ ደረደረቻቸው። በመጨረሻ ታኮውን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ቁጥሩን ወደላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ቀይ ሻሿን ከራሷ ፈትታ በእጇ ያዘች።

እውነትም ጠበቀች። ሦስት ተማሪዎች በብስክሌት መጡ፤ ገና ከሩቁ ሻሹን አውለበለበችና አስወረደቻቸው፣ በእግራቸው አሳለፈቻቸው። ባጃጅ መጣ፤ አዘገየችው። ወተት የጫነ ሞተረኛ መጣ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና እስኪያልፍ አስቆመችው። "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ" አላት። እሷም "አሜን" አለች። የሰው ልጅ ሁሉ በደህና አለፈ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስፋው ብቅ አለ። ዳሩን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ይነዳል። ከማዶ ደግሞ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ይመጣል። አረጋሽ ሁለቱንም አየች፣ ርቀታቸውን በዓይኗ ለካች። ሻሹን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችውና እጇን በላዩ ላይ አደረገች።

አስፋው ድንጋዩን ያየው ዘግይቶ ነው። ወደ ዳር ቢል ቦዩ ነው። መሪውን ወደ መሃል ጠመዘዘ። ጡሩምባው ጮኸ። አረጋሽ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ያን ዕለት እዚህ ስላልነበረች ዛሬ ልታየው ፈለገች። አስፋው ብስክሌቱን ለቆ በጎኑ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ፤ የአይሱዙው ጎማ ከራሱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፈ። ሹፌሩ አልቆመም እንኳ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "አንተ በግ! መሃል መንገድ ምን ትሠራለህ?" ብሎ ሰድቦት ሄደ።

አስፋው አልሞተም። እውነቱን ለመናገር አረጋሽ ለአንድ አፍታ ከፋት። ራህመቶ እየጮኸ ሲሮጥ በእጇ ከለከለችው። ተነሳች፣ ነጠላዋን አራገፈች፣ ቀስ ብላ ሄዳ ከላዩ ቆመች።

"ሰማኸው የጠየቀህን?" አለችው። "እኔም ልጠይቅህ። መሃል መንገድ ምን ልትሠራ ገባህ?"

አስፋው ግራ እጁን በቀኙ ደግፎ ተቀመጠ። "ድንጋዩ… ድንጋዩ ነው እኮ፣ እትዬ…"

"የማን ድንጋይ?"

ዞሮ አየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ዓይኑ በሰልፉ ላይ ሄደ፤ መጨረሻው ላይ ታኮውን አገኘ። ሰማያዊውን ቀለም የቀባው በገዛ እጁ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። አመለጥኩ ያለው ሰውዬ በቁሙ ሞተ።

"የማን ነው?" አለች እንደገና።

"የኔ ነው።"

"ልጄስ?"

"ዳሩን ይዞ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ከሩቅ አይቼዋለሁ። ዳሩን ይዞ ነበር። ድንጋዩ ነው ወደኔ ያመጣው።"

አረጋሽ አላለቀሰችም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችም። "አንሳው" አለችው። አስፋው በአንድ እጁ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየተሸከመ ወደ ቦዩ ወረወረ፤ ታኮውን ብቻ እሷ አነሳችው። የወደቀውን ብስክሌት አቁማ፣ ታኮውን የልጇ ምሳ ዕቃ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ አድርጋ በጎማ ማሰሪያው ጠፈረችው።

"ወደ ባቱ ዙር። ፖሊሱ ቢሮ እስክትደርስ አትውረድ። አሁን ያልከኝን ቃል በቃል ትነግረዋለህ።"

"እትዬ፣ እጄ ተሰብሯል መሰለኝ" አለ አስፋው። ራህመቶም ጋሪውን ወደነሱ አቀረበው።

አረጋሽ ጋሪው ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ሻሿን መልሳ ራሷ ላይ አሰረች።

"በአንድ እጅህ ንዳ" አለችው። "ዳርህን ይዘህ።"