በጊታሩ ሆድ ላይ የተጻፈው

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፣ የዕቃ ቤት ኃላፊው ጊታር ሊያጸዳ ነው።

ይህንን ያሳወቀው ከሥራ ሲመለስ፣ ግቢው መሐል ካለው የውሃ ቧንቧ አጠገብ ቆሞ፣ ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛውሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው። የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ አከራይዋ እትዬ ሲሆኑ አንሶላ እየጨመቁ ነበር። ሁለተኛው በግቢው በር በኩል ባለችው ጋራዥ መኪና የሚቀባው ጎረምሳ ነው። ሰፈሩ «ቀለሜ» ይለዋል፤ ትምህርት ስለሚወድ ሳይሆን ከጆሮው ጀርባ ሳይቀር ቀለም ስለማይጠፋ። ሁለቱም ዜናውን በሚገባው ክብር ተቀበሉት። እትዬ መጭመቃቸውን አቆሙ። ቀለሜ ደግሞ የሠርግ ቀን እንደሚጠይቅ ሰው ሆኖ «መቼ?» አለ።

«እስከ እሁድ ማለቅ አለበት» አለ የዕቃ ቤት ኃላፊው። «ቲቸር እሁድ ትመጣለች።»

ቲቸር ሚስቱ ናት። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ጊታሩም የእሷ ነው፤ ልጆቹን በእሱ ታዘፍናቸው ነበር። ከወራት በፊት አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ባሏ ለግቢው «ሥልጠና ሄደች» አለ። ግቢውም «ጎሽ፣ ሥልጠና ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው እየረዘመ መጣ። ቀለሜ አንድ ጊዜ፣ እንዲህ አድርገው ያሠለጠኑትን ሰው መቼም ሚኒስትር ሳያደርጉት አይለቁትም ብሎ ቀልዶ፣ ወዲያው ወደ ሥራው ተመልሷል።

ሥልጠናው የት እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ቲቸር ድሮም ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ንቅንቅ አላለችም። እትዬ የልጃቸውን ልጅ ከዚያው ነው የሚያመጡት። ልጁን ከቲቸር እጅ ይቀበላሉ፣ ስለ ልጁ ሳል ይነጋገራሉ፣ ተሳስመው ይለያያሉ፤ ማታ ቧንቧው ጋ የዕቃ ቤት ኃላፊውን ሲያገኙት ግን «ከቲቸር ወሬ አለ?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ደህና መሆኗን፣ ሥልጠናው ግን ሳይከብዳት እንዳልቀረ ይነግራቸዋል። እሳቸውም፣ ትምህርት ሲባል እንዲሁ ነው፣ አይዞህ ይሉታል። ይህ ውሸት አይባልም። እንደ ግቢው ቧንቧ የጋራ ነው፤ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ሁሉም ይጠነቀቅለታል።

ቲቸር ስልክ የደወለችው በዚያው ዕለት በምሳ ሰዓት፣ እሱ መጋዘን ውስጥ በካርቶኖች መሐል ሆኖ ነው። በትክክል ያለችው «ጊታሩን ልወስድ እሁድ እመጣለሁ» ነው። የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆኖ የኖረ ሰው የገባለትን ለያይቶ ማስቀመጥ አያቅተውም። «እሁድ እመጣለሁ» የሚለውን ከፊት መደርደሪያ ላይ፣ ዓይን ከሚያርፍበት አኖረው። «ጊታሩን ልወስድ» የሚለውን ከኋላ፣ አምፖሉ ወደማይደርስበት ገፋ አደረገው። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ካርቶን መቁጠሩን ቀጠለ፤ ቁጥሩም ጠፋበትና እንደገና ጀመረ።

የጊታሩ ነገር እንዲህ ነው። የዕቃ ቤት ኃላፊው ያልተጻፈበት ዕቃ ካየ እጁን ይበላዋል። በመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ከወንበር እስከ መጥረጊያ ያልተጻፈበት የለም፤ ልማዱን ደግሞ ቤቱ ይዞ ገባ። በማይለቅ ማርከር መጥበሻው ቂጥ ላይ ጻፈ፣ መስታወቱ ጀርባ ላይ ጻፈ፣ ሁለቱ ትራሶች ላይ «ቀኝ» እና «ግራ» ብሎ ጻፈ። ሚስቱ ትስቅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ «እዚህ ቤት ያልተጻፈብኝ እኔ ብቻ ነኝ» ትል ነበር። እንግዳውም ይስቃል፣ እሱም ይስቃል።

ወደዚህ ግቢ ሲዛወሩ የጊታሩ መያዣ ዚፑ ተበጥሶ ኖሮ ጊታሩ ራቁቱን መጫን ነበረበት። ዕቃ ጫኞች ጀርባ አገላብጠው እንደማያዩ እሱ ያውቃል። ስለዚህ ከፊት፣ ሆዱ ላይ፣ ከቀዳዳው በታች፣ በትልልቅ ጥቁር ፊደል «ተሰባሪ» ብሎ ጻፈበት። አጠገቡም ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ሣለ። ጊታሩ አንዲት ጭረት ሳይነካው ደረሰ። በዚህ ኮርቶ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ምንም አልቀረውም።

አየችውና አልሳቀችም። ይለቃል አላት። ዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አምጥቶ ፈገፈገው። ጽሑፉ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ ቫርኒሹ ግን ድመቶች የተጣሉበት መሰለ። «በቃ ተወው» አለችና እንዳለ ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች። ፊደል መለየት የጀመሩት ሕፃናት ከዘፈኑ በፊት በአንድ ድምፅ «ተ! ሰ! ባ! ሪ!» እያሉ ያነቡላት እንደነበር ራሷ ነግራዋለች። እሱ የመሰለው ቀልድ ነው። ጎበዞች ናቸው አለ።

ሰው በአንድ ቃል የተነሣ ቤቱን ትቶ እንደማይወጣ ያውቃል። ብቻውን ሲቀመጥ ሌሎቹንም አስቧቸዋል፤ ስታወራው ዕቃ እየቆጠረ «እሺ» ያላትን፣ የታመመች ጊዜ መድኃኒቱን በየሰዓቱ አሰልፎላት አጠገቧ ያልተቀመጠውን። ለእነዚያ ማጽጃ አልተገኘላቸውም። ከጥፋቶቹ ሁሉ በእጅ የሚጠፋው ይኼኛው ብቻ ነበር። እሷም ስትሄድ ጊታሩን ግድግዳው ላይ ትታው መሄዷን እንደ ቀብድ ቆጥሮታል።

መጀመሪያ ይዞ የተነሣው ቲነር ነው። ቀለሜ ጠርሙሱን ሲያይ ከመኪና ሥር ተስቦ ወጣ።

«ጋሼ፣ እሱን ወዲያ በልልኝ። ቫርኒሹን እንደ ቅቤ ነው የሚያቀልጥልህ። ከዚያ ጊታር ሳይሆን የተላጠ ሙዝ ነው የምትሰጣት።»

«ታዲያ በምን ይለቃል?»

«በማርከር።»

የዕቃ ቤት ኃላፊው የተቀለደበት መስሎት ፊቱን ቋጠረ። ቀለሜ ግን ቀልድ አልያዘም። ነጭ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት፣ የሚለቀው ማርከር፣ የማይለቀውን ይዞት እንደሚወጣ አስረዳው፤ የድሮውን ጽሑፍ ተከትሎ በላዩ ላይ መጻፍ፣ ሳይደርቅም ወዲያው መጥረግ ነው። ግን በመጀመሪያ ከጀርባው ጥግ፣ ማንም ከማያይበት ቦታ ላይ ይሞከር አለ። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና የመኪና ፖሊሽ በቆርቆሮ ክዳን አድርጎ ሰጠው። «ጭረቱን ደግሞ በውሃ እያራስክ፣ በእንጨቱ መስመር፣ ቀስ ብለህ። የሚወጣው እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ቫርኒሽ ነው፣ ቀጥል። መልኩን ከቀየረ እንጨቱ ጋ ደርሰሃል፣ እጅህን አንሣ።»

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ዘረጋ። ክሮቹን አላልቶ ወደ ጎን ሰበሰባቸው፤ ቀዳዳውን ውሃ እንዳይገባበት በወረቀት ሸፈነው፤ ከአንገቱ ሥር ፎጣ ጠቅልሎ አስገባለት። ጊታሩ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ሲያይ ሐኪም የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። ከኋላው ጥግ ሞከረና ቫርኒሹ ምንም እንዳልሆነ አየ።

ከዚያ ጻፈ። ሌላ መንገድ የለውም፤ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው እጅ፣ እንደገና መጻፍ ነበረበት። አንዱን ፊደል ይከተለዋል፣ ሳይደርቅ በአሮጌ ካናቴራ ይጠርገዋል፤ ካናቴራው ጥቁር ይዞ ይነሣል። እየተከተለው ሲሄድ የዚያን ዕለት እንዴት ደስ ብሎት እንደጻፈ እጁ አስታወሰው። የፊደሎቹ እግር የተዘረጋ፣ የቀስቱ ጫፍ ሁለት ጊዜ የደመቀ ነው። ያኔ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሚስቱ በዚህ በኩል ስታልፍ በዚያ በኩል ስታልፍ፣ «ኧረ ረፍዷል» ትል ነበር። አሁን ክፍሉ ውስጥ ከካናቴራው ፍግፍግታ በቀር የሚሰማ የለም። አንድ ጊዜ ሳያስበው «ያንን ፎጣ አቀብዪኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። እጁ ጥቂት ተዘርግቶ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ራሱ አመጣው።

ቃሉ ሲወጣ ጥላው ቀረ፤ እሱንም በአልኮል በራሰ ጥጥ ነካ ነካ አድርጎ አስለቀቀው። ወደ ጭረቶቹ ዞረ። ብርጭቆ ወረቀቱን እያራሰ፣ በእንጨቱ መስመር፣ ወደ ላይ ወደ ታች። ወተት የመሰለ ውሃ ይወጣል፤ ይጠርገዋል፤ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ያያል። የሽቦው ጭረቶች አንድ በአንድ ደበዘዙ። በፖሊሽ ሲያሻቸው ደግሞ ከናካቴው ጠፉ። ሥራው እየጣመው መጣና ዓይኑ ሌላ ጭረት መፈለግ ጀመረ። ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ፣ ከቀጭኑ ክር በታች፣ እንደ ጨረቃ ቁራጭ የጎበጡ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች አገኘ። እነሱንም አራሰ፣ ፈተገ፣ ወለወለ። ከሰዓት በኋላ ላይ ጊታሩ ላይ የመስኮቱ ፍሬም ሳይቀር ይታይ ነበር።

ቀለሜ ሊያይ መጣ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጊታሩን አነሣ፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበለ፣ «ፋብሪካ!» አለ። ከዚያ ጣቱን ከቀዳዳው በታች አሳረፈ።

«እዚህ ጋ የጥፍር ምልክት አልነበረም? ቲቸር ስትመታው የሚነካው?»

«ነበረ። አነሣሁት።»

«እሱ እኮ የሷ ነው፣ ጋሼ።»

የዕቃ ቤት ኃላፊው ጊታሩን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ማንም ያልነካው፣ ማንም ያልዘፈነበት፣ ሱቅ መስኮት ውስጥ ገዢውን የሚጠብቅ ጊታር ነበር። «ንጹሕ ነው» አለ በመጨረሻ። ቀለሜም ንጹሕስ ንጹሕ ነው ብሎ የፖሊሹን ክዳን ይዞ ወጣ።

እሁድ ጠዋት ቤቱን ጠረገ። አንሶላ ቀየረ። ቀድሞውንም ባዶ የነበረውን የቁም ሳጥኑን ግማሽ ወለወለ። ነጠላ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ከደጃፉ ውስጥ እግሯ እንደገባ እንዲያገኘው አድርጎ አስቀመጠ። ሁለት ብርጭቆ አወጣ። ጊታሩን ከተሰቀለበት አላወረደውም፤ የተሰቀለ ዕቃ የሚሄድ ዕቃ አይመስልም። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠና ያለፈውን ሳምንት ጋዜጣ ገለጠ። ወጥቶ ግቢው በር ላይ ሊቀበላት አስቦ ነበር፤ ግን ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አቀባበል አያስፈልገውም ብሎ ተወው።

ግቢው ሥራ በዝቶበታል። እሁድ ሠርቶ የማያውቀው ቀለሜ አንዲት የመኪና በር ይወለውላል። እትዬ ገና ጠዋት ያጠጧቸውን አበቦች መልሰው ያጠጣሉ።

ቲቸር ረፋዱ ላይ መጣች። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ቦርሳ ብቻ አንጠልጥላ። እትዬ ማጠጫውን አስቀምጠው፣ ከትናንት በስቲያ ልጁን ከእጇ እንዳልተቀበሉ ሁሉ፣ አገላብጠው ሳሟት።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ሥልጠናው አለቀ?»

ቲቸር እትዬን አየች፣ ቀለሜን አየች። ቀለሜ የመኪናውን በር ማየት ያዘ።

«አለቀ፣ እትዬ» አለች።

«ውይ፣ አጠቆረሽ እኮ!»

«ፀሐይ ነበረው።»

ውስጥ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሰማ። ጋዜጣውን አንድ ገጽ ገለጠ። እርምጃዋ ሲቀርብ ለየው፤ ግራ እግሯን ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ነው የምትረግጠው። እትዬ ከኋላዋ፣ ቤቱ ያለ ሴት እንዴት እንደከረመ፣ ዛሬ ግን ሊሞቅ እንደሆነ ያወሩ ጀመር፤ ቀለሜም፣ እውነት ነው፣ ጋሼ ሰው ናፍቆት ነበር ብሎ አገዛቸው።

ቲቸር ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባሏ ከጠረጴዛው አጠገብ ቀና ብሎ እያያት ነው። ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ አንድ ስንዝር ፊት ለፊት፣ አፉን ወደ ውስጥ አዙሮ ተቀምጧል። የቤቱ ቁልፍ አሁንም ከቦርሳዋ ዚፕ ላይ ይንጠለጠላል።

እጇን አነሣችና የተከፈተውን በር በጣቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

እትዬ የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ማጠጫቸውን አንሥተው ቤታቸው ገቡ፤ በሩንም ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርገው ዘጉት።