ሊጡን ማን እንዳቦካው

ባል አግብቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ከኋላዬ ከሚያንሾካሹከው እኔው ብዬው ልገላገል ብዬ ነው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። እዚህ ሙልታን ከተማ፣ ከጨርቅ ተራ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ የምሸጠውም የፍቅር ካርድ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሠፈሩ ሁሉ "ዛኪያ ራሷ ሳትቀምስ ሰው የምታጎርስ" እያለ ሲስቅብኝ ኖሯል።

ስልክ የካርድን ገበያ ገድሎታል ይባላል። የሌላውን ገድሎ ይሆናል። የኔን ያልገደለው በጽጌረዳና በልብ ስዕል ስለማልነግድ ነው። ጽጌረዳማ ማንም ይስላል! እኔ የምስለው ሚስቱ እንዳታፍር ብሎ ያረረውን ቂጣ ለራሱ የሚያነሳ ባል ነው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቃታት አሮጊትና መነጽሩን አውልቆ የሚሰጣት ሽማግሌ ነው። ከውስጥ አንዲት መስመር እጽፋለሁ፣ በቃ። ለኢድ ለታጨችው ልጅ አምባርና ሂና የሚልኩ ቤተሰቦች ከላይ የኔን ካርድ ጣል ያደርጉበታል። እጮኛሞቹ መገናኘት አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ልጁ ሊላት የሚፈልገውን ሁሉ የምልለት እኔ ነኝ።

ከየት ታመጪዋለሽ ካላችሁኝ፣ ከሰው ነው። ሴቶች ሱቄ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። ስም አልጠራም፣ ሠፈር አልጠቅስም። ያ ነበር ደንቤ፤ ይበቃል ብዬም አምን ነበር።

ታናሽ እህቴ ሹማይላ ያገባችው አሥራ አራት ነፍስ ያለበት ቤት ነው፤ የባሏ እናትና አባት፣ ሁለት ወንድሞቹ ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው። የመጨረሻዋ ሙሽራ ስለሆነች የዚያን ሁሉ ሰው ሊጥ የማቡካቱ ሥራ በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ የእጇ አንጓ እያበጠ አልታዘዝ አላት። ለአማቷ፣ አክስት ለማለት ኻላ ሱግራ ለምንላቸው፣ ብትነግራቸው፣ "የዛሬ ልጆች እጃችሁ ከቅቤ ነው የተሠራው" አሏት። ሕክምናዋ ይኸው ነበር።

አንድ የክረምት ቀን ሱቄ መጣች፤ ፊቷ በርቷል።

"ባጂ፣ አንድ ነገር ብነግርሽ ለማንም አትናገሪም?" አለችኝ። ታላቋ ነኝና በስሜ አትጠራኝም።

"ለማን እናገራለሁ? ለግድግዳው?"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ! ተናገሪ እንግዲህ፣ ልቤን አታውልቂው።"

ነገሩ ባሏ ዋጃሃት ነው። ከሱብሂ ሶላት በፊት፣ ቤቱ ሁሉ እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ቀስ ብሎ ይነሳና እጅጌውን ሰብስቦ ሊጡን እሱ ያቦካላታል። ሦስት ወሩ። ሲጨርስ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ተጣጥቦ መስጊድ ይሄዳል። "አንድ ቀን ትከሻው ላይ ዱቄት ቀርቶበት ጎረቤት አየበት" አለችኝ በሳቅ እየፈረሰች። "'ምንድነው ይሄ?' ቢለው 'ቤታችንን ኖራ እያስቀባን ነው' ብሎት መጣ!"

በእኛ ከተማ ሚስቱን የሚያግዝ ወንድ የሚስቱ ደረሳ ይባላል። ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈ እስከ መቃብር አይለቅም፤ ባለ ሱቁ ይጠራበታል፣ ልጆቹ ይሰደቡበታል። ሹማይላ ያስማለችኝ ወዳ አይደለም።

ማሻአላህ አልኳት፣ አብሬያት ሳቅሁ። ስትወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም።

ኢድ ሲቃረብ አዲስ ካርድ ያስፈልገኝ ነበር፤ እጄ ግን ከዚያ ነገር ሌላ አልስል አለኝ። ቁጢጥ ብሎ የሚያቦካ ሰው፣ የተሰበሰበ እጅጌ፣ ገና ያልነጋ መስኮት። ከውስጥ ደግሞ "ሊጡን ማን እንዳቦካው ለማንም አልናገርም" ብዬ ጻፍኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፣ ማንም እንዳይለየው። ለትሪው ግን አይቼ የምስለው ፈለግሁና የራሴን ከሣጥን አወጣሁ። አባታችን መዳብ ቀጥቃጭ ነበር፤ ስንዳር ይዘነው የምንሄደው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የሊጥ ትሪ ሠርቶ፣ ጠርዙ ላይ የሚባረሩ ሁለት ዓሣዎች ቀርጾበታል። የሹማይላ ትሪ አብሯት ሄደ። የኔው ሃያ ዓመት ሙሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ዱቄት ሳያይ ተቀምጧል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ሳልኳቸው። የራሴ ትሪ ነው፣ ማንን ይጎዳል አልኩ። ጅል!

ካርዱ እንደ ጉድ ተሸጠ። ሦስት ጊዜ አሳተምኩት። ሴቶቹ ያነቡና ይስቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ሁለት ይገዛሉ። ፎቶ እያነሱም ከስልክ ወደ ስልክ ላኩት። ሹማይላ በረመዳን ሥራ በዝቶባት አልመጣችም፤ እኔም አልላክሁላትም። በኢድ አስደንቃታለሁ እል ነበር። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው።

በኢድ ማግስት ጣፋጭ ይዤ ሄድኩ። ምንጣፉ ላይ ጨርቅ ተዘርግቶ ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጧል። ገና ሳልቀመጥ የታላቅየው ወንድም ሚስት ኑዝሃት አንድ ካርድ አውለበለበች።

"ወንድሜ የላከልኝን ስሙልኝማ!" ብላ አነበበችው።

"ይሄማ የለየለት የሚስቱ ደረሳ ነው!" አለ መካከለኛው ወንድም አሽፋቅ። "ጫማዋንስ ማን ነው የሚያወልቅላት?"

ዋጃሃትም ሳቀ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ። ሹማይላ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አንዴ ብቻ አየችኝ። ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

"እስቲ ወዲህ በይው" አሉ ኻላ ሱግራ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ኻላ ሱግራ ማድቤታቸው ውስጥ ያለውን ማንኪያ ሁሉ በመልኩ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ተነስተው ወጡ፤ የሹማይላን ትሪ ይዘው ተመለሱና ጣፋጩ መሀል አስቀመጡት።

"ዓሣዎቹን እዩ" አሉ።

ጉዴ ፈላ። "ኻላ፣ እሱ የኔ ትሪ ነው! አባቴ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ነው የሠራልን። የሳልኩት የራሴን ነው፣ ወላሂ!"

"ትሪውስ ያንቺ ይሁን" አሉ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። "ወንዱ የማን ነው? አንቺ ወንድ ከየት አምጥተሽ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ሳቁብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ቆዩ፣ ቆዩ!" አለ አሽፋቅ ጭኑን እየመታ። "ለካ ጎረቤታችን 'ቤታችሁን ኖራ እያስቀባችሁ ነው ወይ' ብሎ የጠየቀኝ ለዚህ ነው! አንተ ዋጃሃት፣ የቱን ግድግዳ ነው የቀባኸው?"

ያኔ የዋጃሃት ሳቅ ቆመ። እናቱን አየ፣ ወንድሞቹን አየ። እኔ በልቤ ተናገር፣ ተናገር እላለሁ። "አዎ አቦክቻለሁ፤ ሚስቴን እጇን አሟታል፣ ምን ትሆኑ?" ቢል ሦስት ቀን ስቀውበት ይተዉት ነበር። ግን እሱ በድብቅ ደግ የሚሆን ሰው ነው እንጂ በሰው ፊት የሚችል አይደለም። ያን ድፍረት የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ወረቀት ላይ።

"ሹማይላ" አለ፣ "በዚህ ቤት ሊጥ የሚያቦካው ማን ነው? ንገሪያቸው።"

"እኔ ነኝ" አለች።

"ሌላ ሰው ነክቶት ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ሰማችሁ? እህቷ የምትሸጠው ብታጣ ነው ወሬ የፈጠረችብኝ።" ከዚያ ጣቱን ወደ ትሪው ቀሰረ። "በይ፣ የማታውን ሊጥ አሁኑኑ አቡኪ። በሩንም አትዝጊው፣ ሁሉም ይይ።"

ሻዩን አስቀመጠች፣ ትሪዋን አነሳች፣ ወደ ማድቤት ሄደች። እኔም ተከትያት ገባሁ። ዱቄቱን አፈሰሰች፣ ውሃ ጨመረች፣ በቡጢዋ ትጫነው ጀመር። በተጫነችው ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። የግራ አንጓዋ እንቁላል የሚያህል አብጧል።

"አምጪው እኔ ላቡካው፣ በአላህ።"

"አትንኪው።"

"ሹማይላ፣ ስም አልጻፍኩም እኮ። ፊቱንም አልሳልኩም።"

"አልሳልሽም።"

"ነገ ሄጄ የቀረውን አቃጥላለሁ። የተሸጠውንም በየቤቱ ዞሬ ለምኜ እሰበስባለሁ።"

"ምኑን ነው የምትሰበስቢው?" አለች ቀና ሳትል። "ወላሂ ብለሽኝ ነበር፣ ባጂ። በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ስኖር የኔ የምለው ነገር ያቺ አንዲት ሰዓት ብቻ ነበረች። እሱ ያቦካል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ ምንም አንነጋገርም። ከእንግዲህ የሚነሳልኝ ይመስልሻል?"

አጠገቧ ያለውን ውሃ ላቀብላት ብል በክርኗ ገፋችኝ።

"ለምን ሳልሽው? ለገበያ ነው እንዳትዪኝ ብቻ።"

ለገበያ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ቀንቼ ነው" አልኳት። "ስስለው የኔ ባል መስሎኝ ነበር። ለአንድ ወር ያህል የኔ መስሎኝ ነበር፣ ሹማይላ።"

እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"እንግዲህ ደስ ይበልሽ" አለች። "አሁን እኔም የለኝም።"

ከሳሎን ዋጃሃት ጮኸ። ያን ድምፅ ከእሱ ሰምቼው አላውቅም፤ የወንድሞቹ ድምፅ ነበር። "እዚህ ቤት ሻይ የሚቀዳ ሰው የለም እንዴ?"

"መጣሁ" አለች እህቴ፣ ሊጡን ከጣቶቿ እየገፈፈች ተነሳች።