ድንጋዮቹ ወደ ካባ ሰፈር ሲመለሱ

ድሮ ከካባ ሰፈር ተፈልጠው የወጡ ድንጋዮች ግንቦት ላይ ወደ ሰፈራቸው መመለስ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት የአስፋልቱን ቀኝ ጠርዝ ይዘው፣ መኪና ሲመጣ ቆም እያሉ ይገባሉ። መጀመሪያ ሰዉ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ሰኔ ላይ ግን የታክሲ ረዳቶቹ ራሳቸው «አሳልፉት፣ ቤቱ ሊገባ ነው!» ማለት ለመዱ።

ካባ ሰፈር አሁን አዲስ አበባ ዳር ያለ ተራ ሰፈር ነው። ቀድሞ የድንጋይ ካባ የሆነ ኮረብታ ነበር። ኮረብታውን በመዶሻና ፑንታ በሚሉት ሹል ብረት ፈልጠው ለመሀል ከተማ ፎቆች መሠረት አደረጉት። አልቆ ጉድጓድ ሲሆን አፈር ተሞላ፣ ፈላጮቹም ላዩ ላይ ቤት ሠሩ። የሰፈሩ ሰው ዛሬም ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። መዶሻ ያደነቆራቸው አባቶች ያሳደጉት ስለሆነ ነው።

እያንዳንዱ ድንጋይ የተፈለጠበትን ቦታ ያውቃል። ቦታው ላይ ቤት ካለ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አይገፋም፣ አይሄድምም። እማማ ጠጂቱ ለአንዱ ኩሽናቸውን ለቀዋል።

የሰፈሩ ነዋሪ ቢራቱ በር ላይ ድንጋይ የመጣው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ቢራቱ ፊቱን እየታጠበ አየውና አወቀው። በድንጋዩ ጎን ያለው የፑንታ ምት ወደ ግራ ያዘነብላል። በካባው በግራ እጁ የሚመታ ታላቅ ወንድሙ ቶሎሳ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ቶሎሳ ላይ የወደቀ ዕለት ቢራቱ ውሃ ሊቀዳ ተልኮ ነበር። ሲመለስ ወንድሙን ወስደውታል፤ ድንጋዩን መኪና ላይ እየጫኑ ነበር። ውሃውን ጫኞቹ ጠጡት።

ይህን ለሚስቱ ለአስካለ ነግሯት አያውቅም። ቤታቸውን ለምን ቶሎሳ በሞተበት ቦታ ላይ እንደሠራም አልነገራትም።

«ቦታው የት ነው?» አለች አስካለ።

«አልጋችን ሥር።»

«በምን አወቅህ?»

«አውቃለሁ።»

«እና ልትቆፍር ነው? እኛስ የት ልንተኛ ነው፣ አንተ ሰውዬ?»

«አልቆፍርም።»

ያ ድንጋይ እዚያ ቦታ ላይ ዳግመኛ እንዲያርፍ አልፈለገም። ድንጋዩ ክረምቱን በር ላይ ተቀመጠ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መርጊያ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

«ቢራቱ፣ በዝናብ እኮ ነው ያለው። ሰው ምን ይላል?»

«ድንጋይ ነው፣ ጋሼ።»

«የኔስ ምን ነበር? ሽንት ቤቴን ሰጥቼዋለሁ።»

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ከአልጋው ሥር የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። አንድ ከባድ ምት፣ ሁለት ቀላል። ቶሎሳ እንደዚያ ነበር የሚመታው። ቢራቱ አልጋውን ገፋ፣ ሲሚንቶውን በዲጂኖ ሰበረና ቆፈረ። ጉድጓዱ እስከ ወገቡ ሲደርስ ከሥሩ ባዶ ቦታ ተከፈተ። መዶሻው ዝም አለ።

«ቢራቱ?» አለ ከታች አንድ የጎረምሳ ድምፅ። «ውሃው የት ደረሰ?»

አስካለ ከበሩ ሆና ሰማች። «ማነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«ወንድም አለህ እንዴ?»

«አዎ።»

ትንሽ አየችው። ከዚያ ሄዳ ጀሪካን ሞልታ፣ ገመድም ይዛ መጣች። ቢራቱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጀሪካኑን አሰረና ማውረድ ጀመረ። ዘወር ሲል ድንጋዩ ሳሎኑን አቋርጦ መኝታ ቤቱ በር ላይ ደርሷል።

«ጠብቅ» አለው። «መጀመሪያ ይጠጣ።»

ድንጋዩ ቆመ።

ከታች ሰው ውሃ ሲጎነጭ ተሰማ። ጀሪካኑ ባዶውን ወጣ። እጀታው የድንጋይ ዱቄት ይዟል።

«ድገመኝ» አለ ድምፁ። «ፀሐዩ አይቻልም።»

ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ቢራቱ ጀሪካኑን ለአስካለ አቀበላት። ድንጋዩ ለማሳለፍ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለላት፤ ሞልታ ስትመለስም እንደገና ጠጋ አለ።