ያለ ሜትር የተቆረጠ ኮት

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዘሙሩድ ግን ይህን ያስታወሰችው ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው።

በቀበናው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስትተክል ኖራለች። ሌላ ሥራ ማን ሰጥቷት! ጨርቅ የሚቆርጡት ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ብቻ ነበሩ፤ መቀሳቸውን ለማንም አያስነኩም፣ ለዘሙሩድማ ጭራሽ። በታኅሣሥ 1975 በተደረገው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ መቁረጥ መማር እንደምትፈልግ ብትናገር፣ ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁባት።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል። አንቺ ቁልፍሽን ትከዪ!»

ቤቱ ሁሉ አብሯቸው ሳቀ። ደሟ ፈላ።

«እስከ ሰኔ ሠላሳ ሙሉ ኮት ቆርጬ ካላሳየሁ፣» አለች ብድግ ብላ፣ «ማኅበሩን ለቅቄ እወጣለሁ!»

ሊቀ መንበሩ ጓድ ገበየሁ ወዲያው ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈሩት። በዚያ ዘመን ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረን ነገር «ተናድጄ ነው» ብሎ ማስፋቅ የማይታሰብ ነው። እንጀራዋን በገዛ ምላሷ አስያዘች።

ከማለዲን የሚባለው ባሏ ይህን ሲሰማ «አብደሻል እንዴ?» አላት። በማግስቱ ግን ሲሚንቶ ከሚያመላልስበት የጭነት መኪና ባዶ የወረቀት ከረጢቶች ይዞላት መጣ። የምትቆርጠው ጨርቅ ስለሌላት በወረቀቱ ጀመረች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉ ሰዎች፣ እንቁላሉን ማን ታቅፎት እንደከረመ አይናገሩም። ዘሙሩድ ጥርን በኮሌታ ብቻ ጨረሰችው። የካቲት ለእጅጌ የተመደበ ነበር፤ እጅጌው ግን አሻፈረኝ ብሎ መጋቢትንም በላባት። ከማለዲን በየእሑዱ የወረቀት ኮት ለብሶ ይገተራል፤ እጁን ሲያነሳ ብብቱ ቷ ብሎ ይቀደዳል። አልቅሳ ታበቃና ሌላ ከረጢት ትዘረጋለች። መለካት ልማድ ሆነባት፤ በሩንም፣ ትራሱንም፣ የጎረቤቱንም ጀርባ በስንዝር ትለካለች።

ሥራ ቦታ ደግሞ ጦርነት ነው። ስትጠጋ ሽማግሌው ጨርቁን አጥፈው ይቀመጡበታል። ጠመኔዋን ሁለት ጊዜ ረግጠው አደቀቁባት። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ «ምነው ጋሼ፣ ዛሬ እጅዎ ተንቀጠቀጠ?» ትላቸዋለች፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ። ትጠላቸው ነበር፤ ከልቧ ትጠላቸው ነበር። ሰው ደግሞ የሚጠላውን ከሚወደው አስበልጦ ያያል።

ግንቦት ላይ ሽማግሌው ኮታቸውን መጋረጃ ጀርባ አውልቀው ወረወሩላት። «ቁልፉ ረግፏል።»

ስትተክል ጣቷ የቀኙ ትከሻ ላይ አረፈ። ከገበሩ ስር ጥጥ ታጭቋል፤ ሁለት ጣት ውፍረት አለው። የግራው ባዶ ነው። አርባ ዓመት መቀስ ላይ ማጎንበስ ቀኝ ትከሻቸውን ጥሎታል፤ እሳቸው ደግሞ ለሰው እንዳይታይ ደብቀውታል። ልማዷ አልለቅ ብሏት ኮቱን ከላይ እስከ ታች በስንዝር ለካችው። ከዚያ ቁልፉን ተክላ መለሰችላቸው።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ከእንጦጦ የወረደው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጓድ ገበየሁ ለአንድ ኮት የሚበቃ ካኪ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ብታበላሺው ሁለተኛ የለም» አሏት።

«በማን ልክ ልቁረጥ?»

«በእኔ፣» አሉ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ፈገግ ብለው። «ግን የሰው ሚስት እጅ ገላዬን አይነካም። እውነተኛ ቆራጭ በዓይኑ ይለካል።»

ወጥመድ መሆኑን ያልተረዳ አልነበረም። ጓድ ገበየሁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ዘሙሩድ የሽማግሌውን መቀስ አነሳች። ካሰበችው በላይ ይከብዳል። በጠመኔዋ አስምራ ቆረጠች፤ የቀኙን ትከሻ ከግራው ሁለት ጣት ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ አበላሸችው!» ጮኹ ጓድ ገበየሁ። «ግራና ቀኙ ተለያየ!»

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ።

ሰፊዎቹ ተረባርበው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኮቱን ገጣጠሙት። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ለመልበስ አሮጌውን ማውለቅ ነበረባቸው፤ የዘነበለው ትከሻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ወጣ። አዲሱ ኮት ግን አንድም ቦታ ሳይጨማደድ ገላቸው ላይ ልክክ አለ። በሕይወታቸው እንዲህ የሆነላቸው ልብስ ለብሰው አያውቁም። ይህን ከሁሉም በፊት ያወቁት ራሳቸው ናቸው።

እንከን ፍለጋ ኮሌታውን ዳሰሱ፣ ክንዳቸውን አነሱ፣ አወረዱ። ብብቱ አልተቀደደም። በመጨረሻ ደረታቸውን ወደ ታች አዩና ድምፃቸው ተመለሰላቸው።

«ቁልፍ የለውም!»

ዘሙሩድ ስድስት ዓመት ደረቷ ላይ ተሰክቶ የኖረውን መርፌ ነቅላ፣ ከነክሩ ፊታቸው አስቀመጠች።

«እሱን እንኳ እርስዎ ይትከሉት፣ ጋሼ።»